ዳኛው ወራሪ ሲሆን፦ የቪሺ ሹማምንት ሽኩቻ

ዲሴምበር 13 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ማምሻውን፣ በጀርመን ድል የተመታችው ፈረንሳይ መንግሥት በተቀመጠባት የፍል ውኃ ከተማ በቪሺ፣ የ84 ዓመቱ ማርሻል ፔታን ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ ሁሉም መልቀቂያ እንዲፈርሙ አዘዘ። ምክትሉ ፒየር ላቫል የሚባረረው ሌላ ሰው ስለመሰለው ሳያመነታ ፈረመ። ማርሻሉ ወረቀቶቹን ይዞ ወጥቶ ሲመለስ የተቀበለው የሁለት ሰዎችን ብቻ መሆኑን ተናገረ፤ አንዱ ላቫል ነበር። በዚያው ሌሊት በጥበቃ ሥር ሻቴልዶን ወዳለው ቤቱ ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ግን የጀርመኑ አምባሳደር ኦቶ አቤትስ ከታጠቁ ዘበኞች ጋር ከፓሪስ ደርሶ አስፈታውና ይዞት ሄደ። የቪሺ ፖለቲካ ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ሹማምንቱ እርስ በርስ ይሻኮታሉ፣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ባዕድ ነው። እንዲህ ባለ መንግሥት ውስጥ ሽኩቻ ወራሪውን ከማዳከም ይልቅ ደጅ የሚጠኑለትን ያበዛለታል።

የፔታን ጠበቆች የላቫልን መባረር የድብቅ አርበኝነት ሥራ አድርገው አቅርበዋል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ፔታንን ያስቆጣው ላቫል ፓሪስ እየተመላለሰ ከጀርመኖች ጋር የሚዶልተውን ሳያሳውቀው መቅረቱ ነበር፤ ፔታን ራሱ ከሰባት ሳምንት በፊት ሞንትዋር ላይ የሂትለርን እጅ ጨብጦ፣ የትብብርን መንገድ መያዙን በሬዲዮ አውጆ ነበር። በላቫል ቦታ የመጣውን ፍላንዳንን ጀርመኖች ፊት ነሱት፤ በፌብሩዋሪ 1941 ወንበሩን ለአድሚራል ዳርላን ለቀቀ። ዳርላን ደግሞ በጀርመኖች ዘንድ ከላቫል የተሻለ ተፈላጊ ሆኖ ለመገኘት ወታደራዊ ትብብሩን አርቆ ወሰደው። በሜይ ወር ሂትለርን አገኘ፤ በዚያው ወር በተፈረሙት የፓሪስ ፕሮቶኮሎችም በሶሪያ የአየር ማረፊያ፣ በቢዜርት ወደብ፣ በዳካር የሰርጓጅ መርከብ መቀመጫ ለጀርመን ለመፍቀድ ተስማማ።

አንዳንዱ ትርፍ ተገኝቷል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ፈረንሳይ ለወራሪው ጦር በየቀኑ የምትከፍለው 400 ሚሊዮን ፍራንክ በ1941 ወደ 300 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ሆኖም ጀርመን እስከዚያ ያልያዘችውን የአገሪቱን ደቡብ በኖቬምበር 1942 ከያዘች በኋላ ሒሳቡ 500 ሚሊዮን ደረሰ። ጄኔራል ቬይጋን ፕሮቶኮሎቹን ተቃውሞ አላሰናከለም ወይ ለሚል ደግሞ መልሱ የሰውየው ዕጣ ነው፤ በኖቬምበር 1941 በጀርመን ግፊት ከሥልጣን ተነሣ። ባላንጣነት ፍሬ ሊያፈራ የሚችለው ተቃዋሚው በወንበሩ ሲቆይ ነው፤ እዚህ ግን እምቢ ያለው እየተነሣ፣ እሺ ያለው ይቀራል።

አቤትስ ሌላም መሣሪያ ነበረው። ፓሪስ ላይ የጀርመን ደጋፊዎቹ ማርሴል ዴያና ዣክ ዶሪዮ ቪሺን ለዘብተኛ ነው እያሉ ይወርፉ ነበር። የቪሺ ሰዎች «እኛ ካልሠራነው እነዚያ ይተኩናል» ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ላቫል በኤፕሪል 1942 በጀርመን ግፊት ሲመለስ የከፈለው ዋጋ በግልጽ ታየ፤ በጁን የጀርመንን ድል እንደሚመኝ በሬዲዮ ተናገረ፣ ለአንድ ተመላሽ የጦር ምርኮኛ ሦስት ባለሙያ ሠራተኞችን ወደ ጀርመን የመላክ ውልም አስታወቀ። በጁላይ ደግሞ የፈረንሳይ ፖሊስ በሁለት ቀን ውስጥ ፓሪስና አካባቢዋ ላይ 13,000 ያህል አይሁዶችን አፈሰ። የፖሊሱ ሥልጣን በቪሺ እጅ እንዲቆይ የተከፈለው ዋጋ የሌሎች ሰዎች ሕይወት ነበር።

በ1944 ቪሺ ፈርሶ ሹማምንቱ ጀርመን ውስጥ ወደ ዚግማሪንገን ቤተ መንግሥት ሲጋዙም ሽኩቻው አልበረደም። ፔታንና ላቫል ሥራ አንሠራም ብለው ተቀመጡ፤ ደ ብሪኖን የሚመራው ኮሚሽን መንግሥት ነኝ አለ፤ ዶሪዮ የራሱን ኮሚቴ አቋቋመ። የሚገዙት አገር አልነበራቸውም፤ የሚሾማቸው ጌታ ግን ገና ስለነበረ ለመሻኮት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ስለዚህ በባንዳ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ማን ከማን ጋር ተጣላ ከማለት በፊት የሚጠየቀው ሿሚውና ሻሪው ማን ነበር የሚለው ነው።