ማኅደረ ትውስታ ሲሞላ

አንድ መሣሪያ በተሰናከለ ጊዜ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ነው። ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል። የእንከኑ ምክንያት ሳይወገድ ከቀረ ግን መሣሪያው በተነሣ ቍጥር ወደዚያው እንቅፋት ተመልሶ ይወድቃል። ይህን በግልጽ የሚያስረዳ ድርጊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ከምድር እጅግ ርቆ፥ በማርስ ላይ ተፈጽሟል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የኮምፒዩተርን ሁለት ማኅደሮች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቋሚ ማከማቻ ነው። በዚህ ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም። በማከማቻው ውስጥ ለብቻው ስም ተሰጥቶት የሚቀመጠው እያንዳንዱ መዝገብ ፋይል ይባላል። ሁለተኛው የሥራ ማኅደረ ትውስታ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያች ሰዓት የሚሠራበትን ነገር የሚይዘው በዚህ ሲሆን፥ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይዘቱ ይጠፋል።

ሁለቱን በቤተ መጻሕፍት ብንመስላቸው፥ ቋሚው ማከማቻ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ነው፤ የሥራ ማኅደረ ትውስታው ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ነው። ሠራተኛው አንድ መጽሐፍ ለመፈለግ የመጻሕፍቱን ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። የመጻሕፍቱ ቍጥር በበዛ መጠን ዝርዝሩም ይረዝማል። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ገና ባዶ ቦታ እያለ፥ ጠረጴዛው ለዝርዝሩ ሊጠበው ይችላል። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በማርስ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ስፒሪት የተባለችው ባለስድስት ጎማ ተሽከርካሪ በዚያች ዓለም ላይ ያረፈችው ጃንዋሪ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር። የላካት ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ሲሆን፥ መሐንዲሶቹ የሚመሯት በካሊፎርኒያ፥ ፓሳዴና አጠገብ ከሚገኘው ከጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነበር። የኮምፒዩተሯ ቋሚ ማከማቻ 256 ሜጋባይት፥ የሥራ ማኅደረ ትውስታዋ ግን 128 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ተሽከርካሪዋ ወደ ማርስ በተጓዘችባቸው ወራት ካጠራቀመቻቸው ፋይሎች ላይ፥ ካረፈች በኋላ ያነሣቻቸው ሥዕሎችና የለካቻቸው ልኬቶች ተጨመሩባቸው። መሐንዲሶቹ የቆዩትን ፋይሎች ለመሰረዝ የሚያገለግል ፕሮግራም መላክ ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን መላኩ ሳይጠናቀቅ ችግሩ ቀደማቸው።

ጃንዋሪ 21 ቀን ስፒሪት እንደ ወትሮዋ መረጃ መላኳን አቋረጠች። የፋይሎቹ ዝርዝር በሥራ ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ሲዘረጋ ቦታ አጣ። ኮምፒዩተሩም እንከን ሲያጋጥመው ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ የተሠራ ነበርና እንደ ታዘዘው አደረገ። በተነሣ ጊዜ ግን የመጀመሪያ ሥራው ቋሚውን ማከማቻ ከፍቶ ያንኑ ረጅም ዝርዝር መዘርጋት ስለ ነበር፥ ወዲያውኑ ዳግመኛ ተሰናከለ። እንዲህ እየወደቀ ከ60 ጊዜ በላይ ተነሣ።

ጉዳቱ የሥራ መቋረጥ ብቻ አልነበረም። ተሽከርካሪዋ ኀይል የምታገኘው ከፀሐይ ብርሃን ስለ ሆነ፥ ሌሊት ኮምፒዩተሯን አጥፍታ ባትሪዋን መቈጠብ ነበረባት። ያለ ማቋረጥ መውደቅና መነሣቱ ግን እንድታርፍ አልፈቀደላትም። ባትሪው ፈጽሞ ቢደክም በማርስ ብርድ ውስጥ ልትጠፋ ትችል ነበር።

መሐንዲሶቹ ሄደው ሊያዩዋት አይችሉም። ትእዛዛቸው ማርስ ለመድረስ፥ መልሷም ወደ ምድር ለመመለስ እያንዳንዱ ከ9 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ከደረሷቸው ጥቂት ምልክቶች በመነሣት አንድ ግምት አቀረቡ፤ ይኸውም እንከኑ ከቋሚው ማከማቻ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ግምቱን ለመፈተን ኮምፒዩተሩ ማከማቻውን ሳይከፍት፥ በሥራ ማኅደረ ትውስታው ብቻ እንዲነሣ አዘዙት። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ አልወደቀምም። ግምታቸው እውነት መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ አላስፈላጊዎቹን ፋይሎች ሰረዙ፤ በፌብሩዋሪ ወርም ማከማቻውን አጽድተው እንደ አዲስ አዘጋጁት። በዚያው ዓመት ስሕተቱን የሚያርም የተሻሻለ ፕሮግራም ለስፒሪትና ጃንዋሪ 25 ቀን ላረፈችው መንትያዋ ለኦፖርቹኒቲ ተላከላቸው። ስፒሪት የታቀደላት የ90 የማርስ ቀናት ሥራ ብቻ ሳለ፥ እስከ ማርች 2010 ዓ.ም. ድረስ ከምድር ጋር ስትገናኝ ኖረች።

ይህ ዐይነቱ እንከን በማርስ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሠራተኞችን ፋይሎች በአንድነት የሚጠብቅና ለጠየቀው ሁሉ የሚያድል ኮምፒዩተር አለ፤ ስሙም ፋይል ሰርቨር ይባላል። የእርሱም የሥራ ማኅደረ ትውስታ ሊሞላ ይችላል። ጠያቂዎች ሲበዙ፥ የፋይሎቹ ቍጥር ከመጠን ሲያልፍ፥ ወይም አንድ ፕሮግራም የወሰደውን ቦታ ሳይመልስ ሲቀር ሰርቨሩ ይሰናከላል፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ሥራ ይፈታሉ።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው በቅደም ተከተል ሊሠራ ይገባዋል። በመጀመሪያ ሰርቨሩ ከመውደቁ በፊት የመዘገበውን ማስታወሻ ያነባል። ሁለተኛ፥ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘና ይዞታው በየሰዓቱ እያደገ መሄድ አለመሄዱን ይለካል። ሦስተኛ፥ አስፈላጊ ያልሆኑትን አገልግሎቶች ዘግቶ ሰርቨሩን በጥቂቱ ያስነሣል፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየከፈተ የትኛው ላይ ሲደርስ እንደሚሰናከል ይመለከታል። በመጨረሻም ምክንያቱን ካገኘ በኋላ ያርመዋል፤ እንዳይደገምም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ወሰን ያበጅለታል። ተጨማሪ ማኅደረ ትውስታ መግዛት ሥራው በእውነት ለበዛበት ሰርቨር መፍትሔ ይሆናል። ቦታ ወስዶ የማይመልስ ፕሮግራም ባለበት ግን የሚወድቅበትን ቀን ከማራዘም በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ የወደቀን ማንሣት ብቻውን ጥገና አለመሆኑን ነው። የስፒሪት ኮምፒዩተር ከ60 ጊዜ በላይ ራሱን አንሥቷል፤ የዳነው ግን ለምን እንደሚወድቅ የሚጠይቁ ሰዎች ምክንያቱን ባገኙ ጊዜ ነው።

ጥያቄዎች

1. በመደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ እያለ ሥራው ሊቆም የሚችለው ለምንድን ነው?
2. መሐንዲሶቹ ግምታቸው እውነት መሆኑን ያረጋገጡት በምን ዘዴ ነው?
3. «ይኸውም» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ የገባበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ፤ አገልግሎቱንም አስረዱ።
4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ደጋግሞ የተበላሸን አንድ ዕቃ ምክንያቱን በቅደም ተከተል በመመርመር እንዴት ልትጠግኑት እንደምትችሉ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።