ጉዳት የዕድል ጉዳይ ነው ወይስ የዝግጅት?

ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ባለፈው ቅዳሜ በዲኤስቲቪ ቤት የሰማነው ክርክር ነው። ጨዋታው ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው አንድ አጥቂ ኳስ ላይ ለመድረስ ሲሮጥ የኋላ ታፋውን ይዞ ቁጭ አለ። ማንም አልነካውም። ወጌሻዎች ገብተው ደግፈው አወጡት። ቤቱም ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዕድሉ ነው፣ ምን ይደረግ!» አለ። ግማሹ ደግሞ «የለም፣ አሰልጣኙ ነው የጎዳው! ይህን ሁሉ ሚሊዮን እየከፈሉ የልጁን ሰውነት ማዘጋጀት እንዴት ያቅታቸዋል?» ብሎ ተነሳ። ክርክሩ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ቀጥሎ ሻይ ቤት ድረስ ዘለቀ።

እኛም ጠዋት የምናስተምር፣ ከሰዓት በኋላ የብሎካችንን ልጆች የምናጫውት በመሆናችን ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤታችን ገባን። ገንዘብ፣ ሐኪምና መሣሪያ የሞላቸው ክለቦች በጥሩ የአካል ብቃት ዝግጅት ጉዳትን መከላከል ይችላሉ? ከቻሉ ለምን አይከላከሉም? ካልቻሉስ ምንም የሌለን እኛ ምን ተስፋ አለን?

የሚላን ላብራቶሪ

ነገሩን ከጣሊያን እንጀምር። ኤሲ ሚላን እ.ኤ.አ. በ2000 ፈርናንዶ ሬዶንዶ የተባለውን አርጀንቲናዊ አማካይ ከሪያል ማድሪድ ገዛ። ተጫዋቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ጉልበቱን ተጎድቶ ከሁለት ዓመት በላይ ከሜዳ ራቀ። ሳይጫወት ገንዘብ መቀበል አልሆንልህ ስላለው ደመወዙ እንዲቆምለት እስከ መጠየቅ ደረሰ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሚላን ላብ» የተባለውን የጤናና የአካል ብቃት ማዕከል አቋቋመ። የማዕከሉ ኃላፊ ዣን ፒየር ሜርስማን የተባሉ ቤልጂየማዊ ባለሙያ ነበሩ። የተጫዋቹ ጡንቻ፣ መገጣጠሚያ፣ አእምሮው ሳይቀር፣ እስከ ጥርሱ ድረስ እየተመረመረ በኮምፒውተር ይመዘገብ ነበር።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2007 ሚላን በአቴንስ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የቻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ ፓኦሎ ማልዲኒ 38 ዓመቱ ነበር። ሁለቱንም ጎሎች ያገባው ፊሊፖ ኢንዛጊ 33 ዓመቱ ነበር። ኮስታኩርታ በ41 ዓመቱ ጫማውን የሰቀለው በዚያው ወር ነው። ማልዲኒ ደግሞ እስከ 2009 ተጫወተ። ዓለምም «ምስጢሩ ተገኘ» አለ።

ይሁን እንጂ በዚያው ክለብ ውስጥ አሌክሳንደር ፓቶ የሚባል ብራዚላዊ ነበር። ገና በ17 ዓመቱ የተገዛ፣ ለትልቅ ነገር የታሰበ አጥቂ። ጡንቻው ይበጠሳል፣ ይድናል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ወደ ብራዚል ሲመለስ ገና 23 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ያቆየ ክለብ ወጣቱን ማዳን አልቻለም። ስለዚህ አንድ ክለብ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ብዙ ክለብ፣ ብዙ ዓመት ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ይህንን ሥራ የሠሩት ስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ጋር ሆነው የታላላቅ ክለቦችን ጉዳት በየዓመቱ ይመዘግባሉ። እንደ እነርሱ ግኝት አንድ ተጫዋች በአማካይ በውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። 25 ተጫዋች ያለው ቡድን 50 ያህል ጉዳት ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከጉዳቶቹ ሲሶ የሚጠጋው የጡንቻ ነው። በጨዋታ ላይ ያለው የጉዳት መጠን ደግሞ በልምምድ ላይ ካለው ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያየነው የኋላ ታፋ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2001/02 ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ ነበር። በ2021/22 ግን 24 በመቶ ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይንሱ እያደገ፣ ሐኪሙና መሣሪያው እየበዛ ሲሄድ፣ የዚህ ጉዳት ድርሻ እጥፍ ሆኗል። «ታዲያ ዝግጅት ዋጋ የለውማ!» የሚል ይኖራል። አይቸኩል።

ርካሹ መድኃኒት

ዴንማርክ ውስጥ 50 ቡድኖች ለሁለት ተከፍለው ተሞከሩ። አንደኛው ወገን ከተለመደው ልምምዱ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ሌላው ምንም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት ባልጨመሩት ዘንድ 52 የኋላ ታፋ ጉዳት ተመዘገበ። በጨመሩት ዘንድ 15 ብቻ። የተጫዋቾቹ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር።

ያ የተጨመረው ነገር ምንድነው? ማሽን አይደለም፣ መርፌም አይደለም። የኖርዲክ ልምምድ ይባላል። ተጫዋቹ መሬት ላይ ይንበረከካል። ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ቁርጭምጭሚቶቹን ጠበቅ አድርጎ ይይዝለታል። ከዚያ ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ እንዳለ፣ ከወገቡ ሳይታጠፍ፣ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል። የኋላ ታፋው ጡንቻ «አልወድቅም» ብሎ ይታገላል። መያዝ ሲያቅተው በእጆቹ መሬቱን ተቀብሎ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጡንቻው እየተሳበ ኃይል መስጠትን ይለምዳል፤ በሩጫ ላይ የሚበጠሰው እኮ በዚያች ቅጽበት ነው።

ታዲያ ታላላቆቹ ክለቦች ይህን ያደርጋሉ? እነ ኤክስትራንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በቻምፒዮንስ ሊግና በኖርዌይ ሊግ የሚጫወቱ 50 ክለቦችን ጠይቀው፣ ልምምዱን እንደሚገባው የሠሩት ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የሚውጠው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ «ዝግጅት አይሠራም» ከማለታችን በፊት «ዝግጅቱ ተሠርቷል ወይ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ዕረፍት የሌለው ሰውነት

ሁለተኛው ምክንያት ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ታላቅ ክለብ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ሲጫወት የጉዳቱ መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ሲጫወት ከነበረው ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ሰውነት የቱንም ያህል ቢዘጋጅ፣ የተጎዳውን ሳይጠግን ሌላ ጭነት ከተጫነበት ይሰበራል። አህያም ብትሆን ጭነቷን አውርዳ ካላረፈች አትደርስም።

ሌስተር ሲቲን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2015/16 ማንም ሳይጠብቀው የእንግሊዝን ዋንጫ ሲወስድ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ ያነሰ ተጫዋች ነው የተጠቀመው፤ 23 ብቻ። ጉዳቱም እጅግ ጥቂት ነበር። ክላውዲዮ ራንዬሪ ለተጫዋቾቻቸው በሳምንት ሁለት ቀን ዕረፍት ይሰጡ ነበር። የአካል ብቃት ባለሙያዎቹም ጎበዞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሌስተር ያን ዓመት በአውሮፓ ውድድር አልነበረም፤ በሳምንቱ መሃል እንደ ሌሎቹ አልተንከራተተም። ዝግጅትና ዕረፍት አብረው ሲገኙ ነው ውጤቱ የታየው።

በተቃራኒው የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ጨዋታ በመብዛቱ ተጫዋቾች ሥራ ወደ ማቆም እየተቃረቡ መሆኑን ተናገረ። ቀናት ሳይቆጠሩ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ጉዳቱ የደረሰው ከሌላ ተጫዋች ጋር ሲጋጭ ስለሆነ «ድካም ነው ያመጣው» ብለን አንምልም። ንክኪ ያለበት ጉዳት ሁልጊዜ ይኖራል፤ ይህን ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ልምምድ የለም። ይሁንና ተጫዋቹ ራሱ «በዛብን» ሲል ሰሚ ማግኘት አለበት። የእነ ኤክስትራንድ ሌላ ጥናትም አሰልጣኙና ሐኪሙ በማይደማመጡባቸው ክለቦች ጉዳቱ እንደሚከብድ አሳይቷል።

ወደ እኛ ሜዳ ስንመጣ

አሁን አንድ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በሁለት ብሎኮች መካከል የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ዕለቱ የራሽን ቀን ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ፈጣን ተከላካይ፣ ጠዋቱን በሙሉ ወረፋ ቆሞ፣ የቤተሰቡን ጆንያ ተሸክሞ ቤት አድርሶ እየሮጠ መጣ። ማሊያውን አጠለቀና ገባ። ሰውነቱን አላሟሟቀም፤ እኛም አልጠየቅነውም፤ ፊሽካ ነፋን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የኋላ ታፋውን ያዘ። ውሃ አፈሰስንበት። «ቲቸር፣ ትንሽ ያዘኝ እንጂ ደህና ነኝ» አለን፤ እኛም ማሸነፍ ፈልገን ስለነበር አመንነው። በሁለተኛው ሩጫ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አርፎ ተመለሰና እንደገና ተበጠሰ። ቀድሞ የተጎዳ ጡንቻ ሳይድን ከተመለሰ ዳግመኛ ለመጎዳት የቀረበ መሆኑን ያኔ አላወቅንም። ለአውሮፓ ተጫዋች እንዲህ ያለ ጉዳት ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ለእኛ ልጅ ግን ጀሪካን የሚሸከመው ጠፋ ማለት ነው። እናቱ ለሁለት ወር ያህል ውሃ ብቻዋን ስትቀዳ አየን። እርሱም ትምህርት ቤት ለመድረስ መንገዱ ርቆበት ስንት ቀን ቀረ። አንድም ቃል አልወቀሱንም፤ እኛ ግን ፊታቸውን ማየት ከብዶን ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጁትን «ፊፋ 11 ፕላስ» የተባለውን የማሟሟቂያ ልምምድ መከተል የጀመርነው። የሚፈጀው 20 ደቂቃ፣ የሚጠይቀው አንድ ኳስና ባዶ ሜዳ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ጉዳትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። «ያ አውሮፓ ነው» እንዳትሉን፣ በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ በ20 የወጣት ቡድኖች፣ በ416 ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት 41 በመቶ ቀንሷል። የሌጎስ ልጆች ከእኛ ልጆች ብዙም አይርቁም።

አሠራሩ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ዳሌን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እያዞሩ፣ ከጓደኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ ነው፤ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ ማድረግ፣ ከላይ የነገርናችሁን የኖርዲክ ልምምድ ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ መሥራት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ መዝለል። ሲዘልሉ ቀስ ብሎ ማረፍና ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ መጠበቅ ዋናው ነገር ነው። በመጨረሻም 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ መሆን አለበት፤ አንድ ቀን ሠርቶ መተው ምንም አይጠቅምም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ሳቁብን። «ቲቸር፣ ጸሎት ነው ወይስ ኳስ?» አሉን ተንበርክከው ሲወርዱ። አሁን ግን ከእኛ ቀድመው የሚጀምሩት እነርሱ ናቸው። ያ ተከላካይ ራሱ የትንንሾቹን ቁርጭምጭሚት እየያዘ ያሠራል።

ስለዚህ ለቅዳሜው ክርክር መልሳችን ይህ ነው። ጉዳት ሁሉ ዕድል አይደለም፣ ሁሉም የአሰልጣኝ ጥፋትም አይደለም። ጥሩ ዝግጅት ጥቂት የማይባለውን ያስቀራል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ከተሠራና ሰውነት ካረፈ ብቻ ነው። ታላላቆቹ ክለቦች የሚጎድላቸው ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜና ትዕግሥት ነው። እኛ ደግሞ ገንዘቡ ባይኖረንም ሃያ ደቂቃ አናጣም።

የብሎክ አሰልጣኞችና የውድድር ኮሚቴዎች ሆይ፣ ሦስት ነገር እንለምናችሁ። ፊሽካ ከመንፋታችሁ በፊት ልጆቹን አሟሙቁ። የዋንጫ ጨዋታንም በራሽን ቀን አታድርጉ። ልጁ «ትንሽ ያዘኝ» ካላችሁ ደግሞ አስወጡት፤ ዋንጫው ለሚቀጥለውም ዓመት ይኖራል።

ቸር ይግጠመን።