የምልክት ስምምነት፦ የሞር ክብ የማይናገረው ስሕተት

አንድ ሕንጻ ሲቆም ሸክሙ በዓይን ይታያል፤ ሸክሙ በቢሙና በዐምዱ ውስጥ የሚፈጥረው ውጥረት ግን አይታይም። ይህን የማይታይ ነገር በወረቀት ላይ ከሚያሳዩ ዘዴዎች አንዱ በጀርመናዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ኦቶ ሞር ስም የሚጠራው "የሞር ክብ" ነው። ሞር ዘዴውን ያቀረበው እ.ኤ.አ በ1882 ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ካርል ኩልማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ መሐንዲስ ውጥረትን በክብ የመወከልን ሐሳብ ጀምሮት ነበር።

ውጥረት በቁስ ውስጥ የሚተላለፈው ኀይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኝ መጠን ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ገጽን ቀጥ ብሎ የሚስብ ወይም የሚጨምቅ ነው። ሁለተኛው ገጽን ታክኮ የሚያንሸራትት ሲኾን መሐንዲሶች "ሺር" ይሉታል። በአንድ ነጥብ ላይ የሁለቱ ድርሻ እንደምንመለከትበት አቅጣጫ ይለዋወጣል። የሞር ክብ ሁሉንም አቅጣጫ በአንድ ሥዕል ያጠቃልላል፤ በአግድሙ መስመር ሳቢው ወይም ጨማቂው ውጥረት፣ በቋሚው መስመር ደግሞ ሺሩ ይለካል።

ምሳሌ እንውሰድ። በቁሱ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ካሬ ወደ ግራና ቀኝ በ80፣ ወደ ላይና ታች በ20 ሜጋፓስካል ትሳባለች እንበል። በገጾቿ ላይም 40 ሜጋፓስካል ሺር አለ። የክቡ መሐል የ80 እና የ20 አማካይ ነው፤ እርሱም 50። ሬዲየሱ ጎኖቹ 30 እና 40 የኾኑ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ጎን ረጅሙ ጎን ነው፤ እርሱም 50። ስለዚህ ትልቁ የመሳብ ውጥረት 100፣ ትንሹ 0፣ ትልቁ ሺር ደግሞ 50 ሜጋፓስካል ይኾናል። ትልቁ ውጥረት የሚያርፈው ከአግድሙ 26.6 ዲግሪ ያህል በዘነበለ አቅጣጫ ነው።

ታዲያ ወደየት ነው የዘነበለው? መልሱ ያለው በሺሩ ምልክት ነው። ምልክቱ ቢገለበጥ 100፣ 0 እና 50 የሚሉት ቁጥሮች አንዳቸውም አይለወጡም፤ ክቡ ከአግድሙ መስመር በላይም ኾነ በታች አንድ ዓይነት ነውና። አቅጣጫው ግን በ53 ዲግሪ ገደማ ይስታል። አደጋው ይህ ነው፤ የስሌቱ ውጤት ትክክል መስሎ ሳለ ሥዕሉ የተሳሳተ ይኾናል።

የግራ መጋባቱ ምንጭ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። በቀመር ስሌት፣ በቀኙ ገጽ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ሺር የመደመር ምልክት ይሰጠዋል። በብዙ የክብ አሳሳሎች ግን ወደ ላይ የሚነቀጠው ካሬዋን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሊያዞር የሚሻው ሺር ነው። በቀኙ ገጽ ወደ ላይ የሚሄደው ሺር ካሬዋን የሚያዞረው በተቃራኒው ስለኾነ፣ በቀመሩ ተደማሪ የነበረው በክቡ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ ቋሚውን መስመር ራሱን ገልብጠው የመደመር ምልክቱን ወደ ታች ያደርጉታል። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ስሕተት የሚኾነው መቀላቀላቸው ነው።

የአፈር ጥናት ባለሙያዎች ሌላ ልማድ አላቸው። አፈር መሳብን እምብዛም ስለማይችል ለእነርሱ ተደማሪው መጨመቅ ነው። የሕንጻ መሐንዲሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሳብን ተደማሪ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ መሠረት ላይ ሲሠሩ "50" የሚለው ቁጥር ብቻውን በቂ መልእክት አይደለም።

ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ኮንክሪት መሳብን የመቋቋም ዐቅሙ መጨመቅን ከሚቋቋምበት ዐሥር እጅ ያህል ያንሳል። በሁለት ጫፉ በተደገፈ ቢም ውስጥ ሺር የሚያመጣው ስንጥቅ ከድጋፉ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ቢሙ መሐል እያዘነበለ ይወጣል። ቆሞ የሚታሰረው ስታፋ ስንጥቁ ወደየትም ቢያዘነብል ያቋርጠዋል። ሺርን እንዲሸከም ተብሎ በሰያፍ የሚታጠፍ ፌሮ ግን በተሳሳተ አቅጣጫ ከታጠፈ ከስንጥቁ ጋር ጎን ለጎን ይተኛል፤ ጥቅሙም ይቀራል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ደግሞ የሺሩ አቅጣጫ ደጋግሞ ስለሚገለባበጥ ስንጥቆቹ ተሻግረው የመስቀል ቅርጽ ይሠራሉ።

ምልክቱን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በካሬዋ ላይ የሺር ቀስቶችን ይሣሉ፤ የቀስቶቹ ጫፎች የሚገናኙባቸውን ሁለት ማዕዘኖች የሚያያይዘው ሰያፍ መስመር የሚለጠጠው ነው። ትልቁ የመሳብ ውጥረት ምንጊዜም ወደዚያ ሰያፍ ያዘነብላል። የክቡ መልስ ከዚህ ከተለየ ምልክቱ ተገልብጧል ማለት ነው።

ጠመኔም ይመሰክራል። ሳይጎብጥ በሁለት እጅ ከተጠመዘዘ ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ጥምዝ ይሰበራል፤ በተቃራኒው ከተጠመዘዘ የስብራቱ ጥምዝም ይገለበጣል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሰዎች ስምምነት ነው፤ የስብራቱ አቅጣጫ ግን በስምምነት አይለወጥም። ስለኾነም ማንኛውም ስሌት የተከተለውን ልማድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።