ስንፍና ወይስ ሕመም? በወላይታ ወጣት ተማሪዎች ዘንድ ድካምንና የሐሳብ ዝግመትን ስለ መለየት
በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከእኛ ጋራ በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረን። ጧት በሒሳብ የሚቀድመው አልነበረም፤ ከቀትር በኋላ ግን ግንባሩን ደፍቶ ይውል ነበር። መምህራችን «ሰነፍ» አሉት፤ እኛም ሳናፍር ተቀበልን። ኋላ ወላጆቹ ወደ ሐኪም ቢወስዱት ደሙ አንሶ ተገኘ፤ ምክንያቱም የመንጠቆ ትል ነበር። በመድኃኒት ቢድንም ስሙ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀውም።

ይህ ትዝታ የመጣብን መልቲፕል ስክለሮሲስ ስለሚባለው በሽታ ስናነብ ነው። በሽታው የሚነሣው ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ኀይል ተሳስቶ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቮችን የሚሸፍነውን፣ ማየሊን የተባለውን ልባስ ሲያጠቃ ነው። ልባሱ የተላጠ ነርቭ መልእክቱን ያዘገያል ወይም ጨርሶ ያቋርጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በግልጽ ገልጾታል። በሰሜን ኤውሮጳና በሰሜን አሜሪካ የበዛ ሲሆን ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ብርቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ብርቅ የሆነ በሽታ በቀላሉ ይታለፋል። ከመቶ ሕሙማን ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ይጀምራቸዋል። በእነዚህ ወጣቶች እግር ለብዙ ዓመታት ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ትኩረት፣ ትውስታና የማሰብ ፍጥነት ይቀንሳል። ሕመሙ በእግር ሳይታይ በደብተር ይታያል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን በምን እንለየዋለን? በዓለም ላይ እጅግ የተለመደው ፈተና አሮን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የምልክትና የቍጥር ፈተና ነው። በገጹ ራስ ላይ ዘጠኝ ምልክቶች ከ1 እስከ 9 ካሉት ቍጥሮች ጋራ ተጣምረው ተጽፈዋል፤ ከሥር ምልክቶቹ ብቻ በተራ ይደረደራሉ። ተፈታኙ በ90 ሴኮንድ ውስጥ የየምልክቱን ቍጥር ይናገራል፣ መርማሪውም በትክክል የመለሰውን ይቈጥራል። በአፍ መመለሱ እጁ ለሚደክም ሕመምተኛ ይጠቅማል። በሽታው ብዙ ጊዜ ዐይንን ስለሚነካ አስቀድሞ የዐይንን ኀይል ማየት ያስፈልጋል፤ በደንብ ያላየ ልጅ ዘገምተኛ መስሎ ይገኛልና። ፈተናው በቅርብ ጊዜ ከተደገመም ልምዱ ራሱ ውጤቱን ያሻሽለዋል፤ ስለዚህ ሌላ ቅጽ መጠቀም ይሻላል።

ፈተናው ፊደል አይጠይቅም፤ ቋንቋ ግን ይጠይቃል። የሶዶ ልጅ በቤቱ ኢሲኖ፣ ናኣ፣ ሄዛ ብሎ ይቈጥራል፣ በገበያ አማርኛ ይሰማል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በእንግሊዝኛ ይማራል። በየትኛው ቢቈጥር ይፈጥናል? መልሱ ከልጅ ልጅ ስለሚለይ ምርጫውን ለተፈታኙ መተው ትክክል ይመስለናል። በዚህ ላይ የተፈታኙ ውጤት የሚመዘነው ከወላይታ እኩዮቹ ጋራ እንጂ ከአሜሪካ ልጆች ጋራ መሆን የለበትም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጤነኞቹን ተማሪዎች በየዕድሜያቸውና በየክፍላቸው መፈተን ግድ ነው። ለጥያቄዎች ትርጕምም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አደባልቆ የቀረበው የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ምን ያህል ቍጣ እንዳስነሣና በኋላም እንደ ተነሣ አንባቢ ያስታውሳል። ልጁ የማይናገረው ቃል ልጁን አይመረምረውም።

ድካም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጄምስ ቫርኒ ለልጆች ያዘጋጀው መጠይቅ 18 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ጠቅላላ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ዕረፍት፣ ስለ አእምሮ ድካም ይጠይቃል፣ ልጁና ወላጁም ለየብቻ ይመልሳሉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። እናትየው «ውሃ ቅዳ ሲባል ብቻ ነው የሚደክመው» ይሉ ይሆናል፤ ልጁ ግን ማንበብ እንደሚያደክመው ይናገራል። መርማሪው አንዱን ሐሰተኛ ማድረግ የለበትም፣ አለመስማማቱ ራሱ መረጃ ነውና። ደግሞም «ደክሞኛል» የሚል ሁሉ በምልክቱ ፈተና ዝቅ አይልም፤ የሚሰማው ድካምና የሚለካው ፍጥነት ዝምድናቸው ደካማ ስለሆነ አንዱ ስለ ሌላው አይመሰክርም።

ሰዓቱና ስፍራውም ይወስናሉ። በጀርመናዊው የዐይን ሐኪም በኡትሆፍ ስም በሚጠራው ክሥተት፣ ሰውነት ሲሞቅ የዚህ በሽታ ምልክቶች ለጊዜው ይብሳሉ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው ደጋማ ሶዶ ጧት የተፈተነ ልጅ በሁምቦ ቆላ በቀትር ቢፈተን ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በወላይታ የሚበዛው ምክንያት ይፈተሽ። የደም ማነስ፣ ወባ፣ የአንጀት ትል፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የቍርስ ማጣት፣ ሐዘንም ቢሆን ተማሪን ያደክማሉ። የአንጀት ትሎችንና የቢልሃርዝያን መተላለፍ በወላይታ ለማቋረጥ የተቋቋመው ገሺያሮ የተባለው ፕሮጀክት የተነሣበት ምክንያት አለው። የደምና የሰገራ ምርመራ በጤና ጣቢያ ይሠራል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። እነዚህ ንጹሕ ሆነው ልጁ ግን አንድ ዐይኑ ለቀናት ደብዝዞ የተመለሰ፣ ወይም እጅና እግሩ ደንዝዞ የተሻለው እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ወደ ነርቭ ሐኪምና ወደ ኤም አር አይ መላክ ይገባዋል። አብዛኞቹ የነርቭ ሐኪሞች ያሉት ከሶዶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ አበባ ነው። ማጣሪያው ፈተና በሽታውን አይሰይምም፤ ለዚያ ጕዞ ገንዘብ ለሚያበድሩ ወላጆች ግን መንገዱ ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ለመምህሩም ልጁ በፈተና ቀን ተጨማሪ ሰዓት ሊፈቀድለት የሚገባ መሆኑን ያሳየዋል።