በእግርና በፍሬን መካከል

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚጓዝ ሾፌር ከተማዋን ለቆ ብዙ ሳይርቅ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በጣልያን ወረራ ዘመን ተራራው እየተፈለፈለ የወጣው ይህ መንገድ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደባርቅ ተነሥቶ እስከ ዛሪማ ቆላ ከ1,500 ሜትር በላይ ያወርዳል። አፋፉ ላይ ያለው ወልቀፊት የጣልያን ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ ይዞት የቆየ ምሽግ ነበር። በሩን የያዘ መንገዱን ይይዛልና።

ሁለት ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ያን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከከፍታው ያገኘው ኃይል በሞተሩ ካልተያዘ በቀር አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የዚህ ኃይል ጠቅላላ ልክ ደባርቅ ላይ 90 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ የሚያዘው የሾፌሩ አንድ እግር ነው። ያን እግር የሚያግዘው ዕቃ ግን ሞተር በሚቀየርበት ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ኮፋኖው ሲከፈት ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ከፍሬን ማስተሩ ጀርባ፣ ሁለት የድስት ክዳን አፍ ለአፍ የተገጠሙ የሚመስል ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ይታያል። ቡስተር የሚሉት አሉ፣ ሰርቮ የሚሉት አሉ። ከአንዱ ጎኑ ጣት የሚያህል ወፍራም ጎማ ቱቦ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የቡስተሩ ምስጢር ያለው በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው።

ሆዱ ተከፍቶ ቢታይ የሚገኘው ጥቂት ነገር ነው። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ቀጭን የጎማ ሽፋን ሆዱን ለሁለት ይከፍለዋል። አንድ ትልቅ ስፕሪንግ ሽፋኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በመሐል ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ያልፋል። ሞተሩ በቱቦው በኩል አየሩን ከሁለቱም ክፍል ይመጠዋል። እግር ፔዳሉን ሲነካ በኋለኛው ክፍል ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና የውጭው አየር በማጣሪያ አልፎ ይገባል። ከኋላ ሙሉ አየር፣ ከፊት የተመጠጠ ባዶ፣ ቫኪዩም የሚሉት፤ የውጭው አየር ክብደት ሽፋኑን ይገፋል፣ ሽፋኑም ማስተሩን። ስለዚህ ፍሬኑን ከእግር ጋር ተባብሮ የሚረግጠው የከባቢው አየር ነው። ሞተሩ የሚሠራው ለዚያ አየር ቦታ መልቀቅ ነው።

ዘንጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ወፍራም ሳንቲም የምታህል ጥቁር ጎማ አለች። ሾፌሩ ምን ያህል እንደረገጠ እግሩ እንዲሰማው የምታደርገው እሷ ናት። ቡስተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ይህችን ጎማ ጥሏት ከሆነ መኪናው ገና እግር ሲነካው ቀጥ እያለ ተሳፋሪውን ወደ ፊት ይወረውራል። ጥፋቱ ሸራው ላይ ነው፣ ዲስኩ ላይ ነው እየተባለ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ የጎደለችው ግን ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ጎማ ናት።

ሐሳቡ መቶ ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። አልበርት ደዋንድር የተባለ የቤልጅግ መሐንዲስ በሠራው መነሻ ላይ ተመሥርቶ የጀርመኑ ቦሽ በ1927 እ.ኤ.አ. የሰርቮ ፍሬን ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ተሻሻለ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

አየሩ ነው የሚረግጠው ከተባለ፣ አየሩ በሳሳበት አገር ምን ይሆናል? ሰሜን ተራሮች ላይ ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ደባርቅ ላይ ወደ 71 ይወርዳል። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ቧሂት መተላለፊያ ላይ ሲደርስ ከፍታው 4,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግፊቱ 60 ብቻ ነው።

ቁጥሩ ወደ ክብደት ሲመነዘር ይበልጥ ይገባል። ስፋቱ 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቡስተር እንውሰድ። ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ ሆኖ የሚመጥለት ቫኪዩም በባሕር ጠረፍ 280 ኪሎ ያህል ግፊት ይሰጠዋል። ያው መኪና፣ ያው ቡስተር፣ ያው ጤነኛ ሞተር ደባርቅ ላይ የሚያገኘው ወደ 155 ኪሎ ነው። ቧሂት ላይ ወደ 110 ይወርዳል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ሾፌሩ ግን ፔዳሉ ደርቆበታል። ጅቡቲ ወይም አፋር ላይ ለስላሳ የነበረ ፍሬን ጨነቅ ላይ የከበደው ሰው መኪናውን ከመጠርጠሩ በፊት አየሩን ያስታውስ።

ናፍጣ ሞተር ያለው መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ሞተር ለሚቀይር ሰው ዋናው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው። ቤንዚን ሞተር ቫኪዩም የሚፈጥረው ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ቢራቢሮ መሰሏ መዝጊያ የአየሩን መግቢያ ስለምታንቀው ነው። አብዛኛው ናፍጣ ሞተር በዚህ መንገድ አይሠራም። አየሩን እንደልቡ ያስገባል፤ የሚለካለት ናፍጣው ነው። ስለዚህ ከማኒፎልዱ ለቡስተር የሚሆን ቫኪዩም አይገኝም፤ ለብቻው የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል።

ሞተር መቀየር በኢትዮጵያ እንግዳ ሥራ አይደለም። መኪና ውድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ ማቆየት የግድ ሆኗል። ቤንዚን ሃይሉክስ ሞተሩ ሲያረጅ በቶዮታ የናፍጣ ሞተር፣ በ2ኤል ወይም በ3ኤል፣ ይተካል እንበል። ጋራዡ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ሞተር መቀመጫ፣ ስለ ራዲያተር ነው። የቡስተሩ ቱቦ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የቸኮለ ሰው ከናፍጣው ማኒፎልድ ላይ ቀዳዳ ፈልጎ ይሰካዋል። ሞተሩ ይነሣል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ፍሬኑም ሜዳ ላይ በጉልበት ሲረገጥ ይይዛል። እውነቱ የሚታወቀው ሊማሊሞ ላይ ነው።

በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የቫኪዩም ፓምፑ የሚገኘው ከዲናሞው ጀርባ ነው፤ አንድ ዘንግ ሁለቱንም ያዞራል። ስለዚህ ሞተሩን የሚገዛ ሰው ዲናሞውን ከነፓምፑ መግዛት አለበት። ባትሪ መሙላቱ ብቻ ታይቶ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ከተገጠመ ቡስተሩ የሚመጥለት አጣ ማለት ነው። ፓምፑ ዘይት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ በቀጭን ቧንቧ ይገባለታል፣ በወፍራሙ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የመመለሻው ቱቦ ከታጠፈ ወይም ከተቆነጠጠ ዘይቱ ፓምፑ ውስጥ ይታመቅና ወደ ዲናሞው ይሰርጋል። ሌላም አለ። ቺንጋው ከተበጠሰ የሚጠፋው የባትሪ ቻርጅ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑም እርዳታ አብሮ ይሄዳል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ከበራ ቁልቁለት መጀመር አይገባም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ግን ካሳ አለው። ደህና ፓምፕ አየሩን ከቤንዚን ሞተር ይልቅ አሟጦ ይመጥጣል። ያው 23 ሳንቲ ሜትር ቡስተር ደባርቅ ላይ በጥሩ ፓምፕ ሲረዳ 250 ኪሎ ያህል ያገኛል፤ ከቤንዚኑ 155 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ብዙ ነው። በዚህ ጸሐፊ ፍርድ ለሰሜን ተራሮች መኪና ትክክለኛው ቅንጅት ይህ ነው፤ ሙሉ ጤና ያለው ፓምፕና መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቡስተር። ለውጡ ከናፍጣ ወደ ቤንዚን ከሆነ ግን ፓምፑ አብሮ ይወጣልና ሰፋ ያለ ወይም ሁለት ሽፋን ያለው ቡስተር መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለት ሽፋን ያለው ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ሰፊ ሞተር ወይም የጋለ የጭስ ማውጫ ቡስተሩን በሚጠጋበት መኪና ላይ መፍትሔው እሱ ነው። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት በባትሪ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ፊውዝና መሥራት ሲያቆም የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ከሌለው ባይገጠም ይሻላል።

ትልቅ ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። የላንድክሩዘር ቡስተር ቀላል ሱዙኪ ላይ ቢጫን በክረምት የዳባት ጭቃ ላይ ፔዳሉ ገና ሲነካ ጎማው ይቆልፋል፤ የቆለፈ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ቡስተርና ማስተር ደግሞ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከአንድ መኪና አብረው ቢወጡ ይመረጣል። ቡስተሩ ተቀይሮ ወፍራም ፒስተን ያለው ማስተር ከተገጠመ የተገኘው ጉልበት ተመልሶ ይባክናል።

ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ቡስተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማስተሩ የሚቀመጥበትን አፍ በጣቱ ይዳስስ። እርጥበት ካለ የማስተሩ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት ሲያፈስ ኖሯል፤ ያ ዘይት የውስጡን የጎማ ሽፋን ይበላዋል። ቱቦው መግቢያ ላይ ያለችው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም በአፍ ትፈተናለች። ከቡስተሩ በኩል ሲነፋባት ታሳልፋለች፤ ከሞተሩ በኩል ሲነፋባት መዝጋት አለባት። ቱቦው ራሱ ለቫኪዩም የተሠራ ይሁን። የውኃ ወይም የነዳጅ ቱቦ ሞተሩ ሲግል ይላላና ከውስጥ ተጣብቆ ይዘጋል።

ከመግጠሙ ሥራ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የዘንጉ ርዝመት ነው። ከቡስተሩ ወጥቶ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግና የማስተሩ ፒስተን መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ክፍተት መኖር አለባት። ልኩን ለማወቅ ዘንጉ ጫፍ ላይ ለስላሳ ሰም ይደረግና ማስተሩ በዳዶው ታስሮ መልሶ ይፈታል፤ የቀረው ሰም ውፍረት ክፍተቱን ይናገራል። ሰሙ ጨርሶ ከተጨፈለቀ ዘንጉ ረዝሟል፤ ፒስተኑ ወደ ቦታው አይመለስም፣ የፍሬን ዘይቱ መመለሻ ይዘጋል፣ ሸራው ሳይረገጥ ታምቡሩን እየፈጨ ይሄዳል። ከሊማሊሞ ግማሽ ሳይደርስ ጎማው ይጨሳል። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል።

ጋራዡም ባለመኪናውም ሊረሱት የማይገባ አንድ ነገር አለ። ቡስተር ጉልበት ይጨምራል እንጂ ሙቀት አያበርድም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት በአረፋ ይሞላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ የዓለም ትልቁ ቡስተር አያድንም። ስለዚህ ቁልቁለቱ የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው። በፎሌ መውረድ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መንከባለል፣ ሁለት ረዳት በአንድ ጊዜ መጣል ነው። ሞተሩ መያዙን ያቆማል፤ ቡስተሩም የቀረችውን ቫኪዩም በሁለት ሦስት ረገጣ ይጨርስና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በማርሽ ሲወረድ ግን ቤንዚን ሞተር በፍጥነት እየዞረ አየሩ ስለታነቀ ከሚኒሞው የበለጠ ይመጥጣል፤ ቡስተሩም ይጠነክራል።

የተቀየረው ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ መመዝገብ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። የዓመቱ ምርመራም ለቦሎ ሲባል ይደረጋል። ያ ምርመራ ግን የሚደረገው ሜዳ ላይ ነው።

እናም ሞተር ያስቀየረ አንባቢ መኪናውን ከጋራዥ ከማውጣቱ በፊት፣ ከደባርቅ ወደ ታች ወይም ወደ ቧሂት ከመነሣቱም በፊት ይህን ያድርግ። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን እስኪደርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጥ። እግሩን ሳያነሣ ሞተሩን ያስነሣ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ጥቂት ሊሰምጥ ይገባል፤ አየሩ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅና እንደገና ይርገጥ፤ የመጀመሪያው ረገጣ ለስላሳ ሊሆን ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መኪናው ወደ ጋራዡ ይመለስ።