ከቆራጣ እስከ ዘጌ፦ የቴዎድሮስ ዘመን አማርኛ

በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር በቆራጣ የሰፈረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና በዘጌ የሰፈሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በሐይቁ ግራና ቀኝ ሆነው ይጻጻፉ ነበር። የንጉሡ ደብዳቤዎች የተጻፉት በአማርኛ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዜና መዋዕልም፣ ማለትም የነገሥታቱ የታሪክ መዝገብ፣ ከግእዝ ወደ አማርኛ ተሻግሯል።

የዛሬውን ንግግር ወደዚያ ዘመን አማርኛ መመለስ የሚሹ የድራማና የልቦለድ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት መንገድ ግእዝ ማብዛት ነው፤ ደብዳቤዎቹ ግን ይህን አይደግፉም። በሥላሴ ስም ከተከፈቱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ከተጠሩና ጤና ከተጠየቀ በኋላ የሚቀጥለው ቃል አጭር፣ ከአፍ የወጣ የሚመስልና ጉዳዩን ፊት ለፊት የሚናገር ነው። ጸሐፊዎቹ ሀ፣ ሐ እና ኀን እያቀያየሩ መጻፋቸውም ብዕራቸው ከመጽሐፍ ሕግ ይልቅ ጆሮን ይከተል እንደነበር ያሳያል።

በባሕር ዳር አንድ ወጣት በስልኩ «ሰላም ነው? ነገ ጀልባ ካለ ንገረኝ» ብሎ የሚልከው መልእክት በዚያ ልማድ ሲጻፍ «ይድረስ ከእገሌ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የታንኳውን ነገር ላክብኝ» ዓይነት መልክ ይይዛል። ጀልባው ወደ ታንኳ፣ ማለትም ከደንገል ወደሚታሰረው የጣና መሻገሪያ መለወጡ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ሰላምታው ከጉዳዩ የማይተናነስ ቦታ መያዙን መቀበል ነው፤ የዛሬ አንባቢ ይህን እንደ ማንዛዛት ሊቆጥረው ይችላል።

የዘመኑን የመንደር ቋንቋ፣ ዛሬ «የአራዳ» የሚባለውን ዓይነት፣ ከቤተ መንግሥት ደብዳቤ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። ለዚህ የሚቀርበው ምንጭ አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የአማርኛን ቃል እየለዋወጡ የሚነጋገሩበት የምስጢር ቋንቋ ነው፤ እርሱንም የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። መዝገቡ የተሰበሰበው ከቴዎድሮስ ዘመን በኋላ በመሆኑ፣ ጸሐፊው ከውስጡ ያገኘውን ሁሉ በዚያ ዘመን ሰው አፍ ውስጥ ሊያስገባ አይገባም።

የንጉሡን ዘመን ሰው ማናገር የሚፈልግ ደራሲ ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸውን የቴዎድሮስን ደብዳቤዎች አስቀድሞ ያንብብ።