ለምሳሌ ብቻ የተከለሉ አድራሻዎች

የምሳሌ አድራሻ በኮምፒውተር መማሪያ መጽሐፍ፣ በፕሮግራም መመሪያ ወይም በሥልጠና ሰነድ ውስጥ አሠራርን ለማሳየት ብቻ የሚጻፍ የድረ ገጽ ወይም የኢሜይል አድራሻ ነው። ጸሐፊው ከራሱ የፈጠረው የሚመስለው ስም ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። አንባቢ መመሪያውን እንዳለ ገልብጦ ሲሞክር መልእክቱ፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃሉ፣ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል። ያ ሰውም ያልጠየቀው ደብዳቤ ይጎርፍበታል። ዛሬ ባለቤት የሌለው ስም ቢሆን እንኳ ነገ ማንም በትንሽ ክፍያ ሊያስመዘግበው ይችላል፤ አታላይ ገዝቶት የማጭበርበሪያ ገጽ ቢከፍትበት፣ ታትሞ የተሰራጨውን መጽሐፍ ሰብስቦ ማረም አይቻልም።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2606 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ነው። ሰነዱ ኤግዛምፕል ዶት ኮም፣ ኤግዛምፕል ዶት ኔት እና ኤግዛምፕል ዶት ኦርግ የተባሉትን ስሞች ለማንም እንዳይሸጡ ከለላቸው። በስም መጨረሻ ላይ የሚገቡ አራት ቃላትንም ጨመረ፦ «ቴስት» ለሙከራ፣ «ኤግዛምፕል» ለጽሑፍ ምሳሌ፣ «ሎካልሆስት» ለራሱ ለኮምፒውተሩ፣ «ኢንቫሊድ» ደግሞ ስሙ የማይሠራ መሆኑ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ሲፈለግ።

በቁጥር የሚጻፉ አድራሻዎችም የራሳቸው ክልል አላቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5737 በ192.0.2፣ በ198.51.100 እና በ203.0.113 የሚጀምሩትን ሦስት ክልሎች ለሰነድ መድቧል፤ እያንዳንዱ 256 አድራሻ ይይዛል። ብዙ ጸሐፊዎች በእነዚህ ፈንታ በ192.168 የሚጀምረውን መጻፍ ይቀናቸዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ እነዚያ ቁጥሮች በየቤቱና በየቢሮው ውስጣዊ መረብ በሥራ ላይ ስላሉ፣ የተገለበጠው ትእዛዝ የአንባቢውን የራሱን መሣሪያ ሊነካ ይችላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ምሳሌው የአገር ቤት መልክ እንዲኖረው ተብሎ «ኤግዛምፕል» የሚለው ስም በ«ዶት ኢቲ» ሲጨረስ የአርኤፍሲ 2606 ከለላ አይከተለውም። የአገር ቤቱ ስም መግባት ያለበት ከፊት ነው። «ገበያ ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም» ወይም «ትምህርት ቤት ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኦርግ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በተከለለው ስም ሥር እስከሆነ ድረስ ከፊት የሚቀጠለውን ስም ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው አይችልም።